የወረቀቷ ማርያም የወደቀች ዕለት

ወረቀት ሲተነፍስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። አዳማ ውስጥ፣ ጭቃው በወጉ ባልደረቀ አዲስ ቤተ ክርስቲያን፣ ብቻዬን ተቀምጬ ቀለም ስበጠብጥ ከራሴ በላይ ካለው ግድግዳ ድምፅ ይመጣ ነበር። ጠሽ ይልና ዝም ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ ጠሽ ይላል። ዛሬ አርጅቼ ጆሮዬ ከብዷል፤ ልጆቼ "አባባ" ብለው ደጋግመው ካልጮኹ አልሰማም። ያንን ድምፅ ግን ብቻዬን ስሆን አሁንም እሰማዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ባቡሩ በአዳማ ማለፍ ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ድንቁ እባላለሁ፤ ያን ጊዜ ከቡልጋ የመጣሁ ወጣት የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበርኩ። ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ እሱን ደግሞ አባቱ። በቤታችን ሰው የሚመዘነው ዓይን ሲስል ነበር። "ልብስማ ማንም ይስላል" ይል ነበር አባቴ፣ "ሰዓሊ የሚባለው የሳለው ዓይን መልሶ ሲያየው ነው።" እኔ የሳልኩት ዓይን መልሶ ያየኝ ነበር። ስለዚህም ኩራት ቢጤ አላጣሁም፤ ባለቤቴ አስካለ "አንተ ሰው ስታነጋግር እንኳ ግድግዳ ላይ ሆነህ ነው" እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ወደ አዳማ የጠሩኝ ባላምባራስ ይገዙ ናቸው። የሸዋ ሰው ሲሆኑ፣ በዚያ አካባቢ ግብር የሚሰበስቡትም ለዳኝነት የሚቀመጡትም እሳቸው ነበሩ። ከባቡር ጣቢያው በላይ ባለው ጉብታ ላይ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ስለነበር ሰዓሊ ፈለጉ። በሽማግሌ ፊት ተዋዋልን። የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን ስዬ ስጨርስ ብርም ጤፍም ይሰጡኛል፤ ከሁሉ በላይ ግን በጣቢያው አጠገብ ቤት የምሠራበት ቦታ የኔ ይሆናል። አስካለ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ስለነበር ሥራው ሳይጀመር ቦታው ላይ ጎጆ ቀልሰን ገባን። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል፤ እኔ ጭራሽ ከላሚቱ ሥር ጎጆ ሠርቼ ተቀመጥኩ።

የዚያን ዓመት ዝናቡ አልወጣም ብሎ አስቸገረ። ግድግዳውን የሚመርገው ኦቦ ቱፋ የሚባል የዚያው አገር ሰው ነበር፤ ዝምተኛ፣ ሥራውን የሚወድ፣ ብዙም ሳይቆይ ወዳጄ የሆነ። ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልቴ ሰዓሊ?" ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ይለኝና መዳፉን ጭቃው ላይ አሳርፎ ራሱን ይነቀንቃል። "ገና ነው። ላዩ ደርቆ ያታልልሃል፣ ውስጡ ውኃ አለ።" እኔም ጠበቅሁ። በኛ ሙያ ሥዕል በባዶ ጭቃ ላይ አይሳልም፤ ግድግዳው ሲደርቅ አቡጀዲ በቆዳ ሙጫ ይለጠፍበታል፣ ቀለሙ የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያኗ መክበሪያ ለኅዳር ጽዮን ተቆርጦ ስለነበር እስከዚያ ቢያንስ አንዱን ግድግዳ አደርሳለሁ ብዬ አስብ ነበር።

አንድ የባቡር ቀን ባላምባራስ አስጠሩኝ። አዳራሻቸው ስገባ ምንጣፉ ላይ ትልቅ ወረቀት ተዘርግቷል፤ አጠገቡ ሙሴ ያኒ ቆሟል። ሙሴ ያኒ ጣቢያው በር ላይ ሱቅ ያለው ግሪክ ነው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ሸቀጡ ከየቦታው ለቃቅሞ የሚናገር፣ ክፋት የሌለው ሰው ነበር። ሰማያዊ ቀለሜን የምገዛው ከሱ ነው።

"ና እስቲ ድንቁ፣ ይህችን እያት" አሉኝ ባላምባራስ።

አየኋት። የምዋሽበት ምክንያት የለኝም፤ ቆንጆ ነበረች። ማርያም ልጇን ታቅፋለች፤ እኔ በጠብታ እየቆጠብኩ የምጠቀምበት ሰማያዊ በመጎናጸፊያዋ ላይ እንደ ልብ ፈሷል። የብሩሽ ዱካ የሚባል ግን አልነበረባትም።

"የት አገር ነው የተሠራችው?" አልኩ።

"ጀርመን አገር" አለ ሙሴ ያኒ። "ማሽን ነው የሚሠራ። ጧት ይጀምራል፣ ማታ ከዚህ እስከ ሞጆ መንገዱን ሁሉ ያነጥፋል። ከዚያ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር እዚህ።"

የቤተ ክርስቲያኗ አለቃ፣ አለቃ ፍሥሐ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ጢማቸውን ያሻሉ። ተስፋዬን እሳቸው ላይ ጣልኩ።

"አባታችን፣ ይህች ማርያም ፊቷን ወደ ጎን አዙራለች። አንድ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። በኛ ሥርዓት በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ከሃዲ ነው። ምእመኑ እንዴት ብሎ ይሰግዳል?"

አለቃ ጎንበስ ብለው አዩ። "እውነቱን ነው" አሉ። "ይኸስ አይሆንም።"

ልቤ ሞላ። ሙሴ ያኒ ግን ቅር እንኳ አላለውም። "ሁለት ዓይን ነው የፈለጋችሁት? ሌላ አለ" አለና ከሳጥኑ ሌላ ጥቅል አውጥቶ ዘረጋ። ይህችኛዋ ፊት ለፊት ታያለች። "ቀይ ልብስ ከሆነም ሌላ አለ። ጊዮርጊስ አለ፣ ሚካኤል አለ።" አለቃ ፍሥሐ ጢማቸውን ማሻሸት ተዉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሥርዓት ያነሣ ሰው የለም።

"አንተ ለአንድ ግድግዳ የምትጠይቀኝ" አሉ ባላምባራስ፣ "ለሙሴ ያኒ የመቅደሱን ዙሪያ ከፍሎ ይተርፈኛል። አንተ ደግሞ ጭቃው ይድረቅ እያልክ ከዝናብ ጋር ትሟገታለህ።"

"ውላችንስ ጌታዬ? በሽማግሌ ፊት ነው የተዋዋልነው።"

"ስዋዋል እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር። ሰው ሳያውቅ የገባው ውል አያስረውም።" ፈገግ አሉ። "ደግሞስ ለማን አቤት ልትል ነው?"

እውነታቸውን ነው፤ ዳኛው እሳቸው ናቸው። ልመናዬን ቀየርኩ። "እንግዲያው ወረቀቱን እኔ ልለጥፈው። ግድግዳው ገና ውኃ አለው፤ መጀመሪያ ይድረቅና አቡጀዲ..."

"አቡጀዲው ሌላ ወጪ፣ ሙጫው ሌላ ወጪ። ዲያቆናቱ በዱቄት ይለጥፉታል።" ይህን ብለው ተነሡና ወረቀቷን ዞር ዞር እያሉ አዩዋት። ግንባራቸው ተቋጠረ። "አንድ ነገር ግን ይጎድላታል። እኔ የለሁባትም።"

የድሮ ሥዕሎቻችንን ልብ ብላችሁ አይታችሁ እንደሆነ፣ ከሥር በኩል አንድ ሰው ተደፍቶ ፊቱን ብቻ ቀና አድርጎ ይታያል። ያ ሰው ሥዕሉን ያሠራው ነው። ገንዘቡን ያወጣ ሰው በእመቤታችን እግር ሥር ሆኖ፣ እሱ ከሞተ በኋላም ሲማጸን ይኖራል። ይህ ለባለጸጋው ትልቅ ነገር ነው፤ አንዳንዱ ከመቅደሱ ይልቅ የሚጨነቀው ለዚያች ጥግ ነው። ጀርመን አገር ያለው ማሽን ደግሞ ባላምባራስ ይገዙን አያውቃቸውም።

"ከእግሯ ሥር አንተ ሳለኝ" አሉ። "ሁለቱም ዓይኔ ይታይ። ለበዓሉ ካደረስክልኝ ቦታውን አልነሳህም። ብሩንና ጤፉን ግን እርሳው።"

ቤት ገብቼ ለአስካለ ነገርኳት። "ስለዚህ መቅደስ ልትስል መጥተህ አንድ ሽማግሌ ስለህ ልትቀር ነው" አለች።

"ቦታው ይቀርልናል።"

"ይቅርልን። ምን ልንበላበት ነው? ሞጆ ያለውም መቂ ያለውም አሠሪ ዓይኑ ይኸው ባቡር ላይ ነው። ነገ ማን ነው አንተን የሚጠራው?"

"ወረቀት እኮ ነው አስካለ" አልኳት። "እርጥብ ጭቃ ላይ በዱቄት የተለጠፈ ወረቀት አይከርምም። ይወድቃል። ያን ጊዜ ተመልሰው ይጠሩኛል።" ይህን ስናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። አስካለ ግን ወደ በሩ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ይህን ምኞትህን ሰው ፊት እንዳትናገረው" አለችኝ።

ዲያቆናቱ በዱቄት ውኃ እያላቆጡ ማርያምን በመቅደሱ ምዕራብ ግድግዳ፣ ከበሩ ጎን፣ ከጉበኑ ከፍታ አንሥቶ እስከ ሰው ደረት ድረስ ለጠፏት። ለኔ ከእግሯ ሥር ጠባብ ቦታ ተተወችልኝ። የኔን ቦታ እንደ ሙያዬ ነው የሠራኋት። ከሰል አንድጄ ጭቃውን አደረቅኩ፣ የበሬ ቆዳ ቀቅዬ ሙጫ አወጣሁ፣ ቁራጭ አቡጀዲ ለጠፍኩ። የቆዳ ሙጫ ሲፈላ ሽታው ለማያውቀው ሰው ክፉ ነው። ዲያቆናቱ አፍንጫቸውን ይዘው ሲወጡ ሳቅኩባቸው፤ ያ ሽታ በኋላ ምን እንደሚያመጣብኝ አላሰብኩም።

ድምፁ የጀመረው ባላምባራስን መንደፍ በጀመርኩ ዕለት ነው። ቀትር ላይ ነበር፤ የአዳማ ፀሐይ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲመታው ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። ጠሽ አለ። ቀና ብዬ አየሁ። በማርያም ትከሻ በኩል ወረቀቱ እንደ ቁስል አብጧል። የጭቃው ውኃ በሙቀቱ መውጫ ሲፈልግ ዱቄቱን እያላቀቀ ወረቀቱን ይገፋዋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይሟሽሻል፤ በነጋታው ቀትር ላይ ደግሞ ያብጣል። ባሕርዩን ስለማውቀው አልፈራሁም። እንዲያውም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በርቺ አልኳት በልቤ።

ይሁን እንጂ ኅሊናዬ አልተወኝምና ለአለቃ ፍሥሐ ነገርኳቸው። "አባታችን፣ ሥዕሏ እየለቀቀች ነው። ከበዓሉ በፊት ወርዳ ግድግዳው ይድረቅ።"

ትክ ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ይህን የሚያናግርህ ቅናት ነው። ንስሐ ግባ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ዝም አልኩ። ዝም ያላለው ወረቀቱ ነው። አንደኛው ዲያቆን መጋረጃ ሊሰቅል ገብቶ ድምፁን ሰማና መሬት ላይ ተደፋ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። በዚያው ቀን ወሬው ገበያ ደረሰ፤ ሥዕሏ ትቃትታለች ተባለ። ቀጥሎ ደግሞ ምክንያቱ ተገኘ። ሰዓሊው ብቻውን እሳት አንድዶ የሚከረፋ ነገር ሲያጤስ ሰንብቷል፤ ሥራውን ስለተቀማ ድግምት ደግሞባት ነው። የኛ ሙያ ሰው ከደብተራ ጋር ስለሚውል ድግምት ያውቃል ተብሎ ይታማል፤ ወሬው እግር ለማውጣት ብዙም አልደከመ። ውኃ ስትቀዳ አስካለን ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። በአክብሮት መስሏት ነበር፤ ቤት ገብታ ስታስበው አለቀሰች።

በዓሉ ሊደርስ ሲል ባላምባራስ እራሳቸው መጡ። ሰዉን ሁሉ አስወጡና ጆሯቸውን ወረቀቷ ላይ አስጠጉ። ቀትር ነበር። ጠሽ አለች። ደንገጥ አላሉም፤ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

"ምን አደረግህባት?"

"ምንም ጌታዬ። ጭቃው ውኃ አለው። የሸተታቸውም ሙጫ ነው፤ ይኸው ድስቱ።"

ድስቱን አላዩትም። የሳልኩትን፣ ግማሽ የደረሰ ፊታቸውን አዩ። ወደዱት መሰለኝ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ሆነው ተናገሩ። "ይህ እጅህ ጥሩ እጅ ነው። በበዓሉ ቀን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በቆመበት፣ ከዚህች ሥዕል አንዲት ጥግ ብትላቀቅ አንተን ምንም አልልህም። የምጠይቀው እጅህን ነው።"

ወጡ። የቀለም ጠርሙሶቼ መካከል ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዲያቆን በር ላይ ቆሞ እንዲጠብቀኝ ታዘዘ፤ ከራሴ ቁርጥራጭ አቡጀዲ በላይ እጄን እንዳላነሣ ተከለከልኩ። ሙጫዬ እዚያው አጠገቤ ነበር። በወረቀቱ ጠርዝ በኩል በላባ ባስገባው ይዞ ያቆየው ነበር። ሙጫውን ይዤ አንድ ጊዜ ተነሣሁ፤ ዲያቆኑ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ማታ ኦቦ ቱፋ ጎጆዬ መጣ። ቆሞ ነው የተናገረው። "የነገው ባቡር ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ሚስትህን ይዘህ ሂድ።"

"ከሸሸሁማ አደረገው ይላሉ።"

"ካልሸሸህም ይላሉ። እኔ ጭቃው እርጥብ ነው ብዬ እመሰክራለሁ፤ ግን የኔን ቃል ማን ይሰማል?"

አስካለን አየኋት። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጎጆዋን ዙሪያውን ታያለች፤ ማገሩን ያቀበለችኝ፣ ወለሉን የለቀለቀችው እሷ ነች። "ሥራህን ጨርስ" አለችኝ። "ሳትጨርስ ብትሄድ ቦታውም የለም፣ ስምህም የለም።" ኦቦ ቱፋ ራሱን ነቀነቀና "ጀባዱ" ብሎኝ ወጣ፤ በርታ ማለቱ ነው።

በማግሥቱ የባላምባራስን ዓይን ሳልኩ። አንጋጠው ወደ ላይ የሚለምኑ ሁለት ዓይኖች። ብሩሹን ባነሣሁ ቁጥር እኔም ወደ ላይ አያለሁ። ትውደቅ እያልኩ ስመኝ የሰነበትኩ ሰው አሁን እጄን ዘርግቼ እመቤቴ አትውደቂ እላለሁ። መፍራቴን አልደብቃችሁም። ምናልባት የዚያ ሽማግሌ ዓይን እንደዚያ አምሮ የወጣውም እኔው ራሴ ስለለመንኩበት ይሆናል።

በዓሉ ደረሰ። ከሁሩታ ሳይቀር ሰው መጥቷል። ባላምባራስ ካባ ደርበው ፊት ቆሙ፤ አለቃ ፍሥሐ መስቀላቸውን ይዘዋል፤ ሙሴ ያኒም ክርስቲያን ነኝ ብሎ በክብር ተጠርቶ በሩ አጠገብ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። እኔን ዲያቆኑ ከዓምዱ አጠገብ አቁሞኛል። ባላምባራስ የሚያዩኝ ቦታ ነው። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት።

ከበሮው ተመታ። በእያንዳንዱ ምት ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ወረቀቷ አብጣለች፤ ያን ያህል አብጣ አይቻት አላውቅም ነበር። ታቦቱ ሊወጣ ሲል በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ እልልታው ቀለጠ፤ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ይዞ ገባ።

በመጀመሪያ የላይኛዋ ጥግ ናት የለቀቀች። ከዚያ ሌላኛዋ። ማርያም ቀስ ብላ፣ ሰው ጎንበስ እንደሚል፣ ወደ ፊት አዘነበለች። ፊቷ ወደ ታች ተገለበጠ፣ ጀርባዋ ነጭ ሆኖ በዱቄትና በጭቃ ተለውሶ ታየ፤ እዚያው ከሥሯ ተንጠልጥላ የባላምባራስን ሥዕል ሸፈነችው። እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ። ከበሮው ቆመ። አንድ አሮጊት "ወይኔ" ስትል ሰማሁ።

ሰዉ መጀመሪያ ሥዕሏን አየ፣ ቀጥሎ ባላምባራስን፣ ከዚያ እኔን። ዲያቆኑ ክንዴን ያዘ። ባላምባራስ የሚያዩት ፊቴን አይደለም፤ ነጠላዬን ነው፣ እጄ ያለበትን ቦታ። አንድ እርምጃ ወደኔ ተራመዱ። ኦቦ ቱፋ ከኋላ "ጭቃው ነው! እርጥብ ነው!" ሲል ሰማሁት፤ ዞር ብሎ ያየው ግን የለም።

በዚህ መሃል ሙሴ ያኒ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ዕቃ ሲሰበርበት "አይዞህ" እንደሚል ያለ ሳቅ ነው። "ጌታዬ፣ ምን ያስደነግጣል?" አለ በዚያ በተለቃቀመ አማርኛው። "ወረቀት አይደል? ሌላ አለ። ሱቅ ሞልቷል። ነገ ሌላ ትለጥፋለህ፤ ይህችም ብትወድቅ ሌላ በባቡር ይመጣል። ዋጋም አልቀበል፣ ለበዓሉ ስጦታ ነው።"

ባላምባራስ ቆሙ። "ሌላ አለ?" አሉ።

"ይችኑ ራሷን። አንድ ናቸው።"

ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። የሰው ፊት ማየት ሥራዬ ነው፤ ቁጣው እንደ ጉም ነው ጥሎአቸው የሄደው። ለሚተካ ነገር ማን ይቆጣል? ደጋሚ ቢደግምስ ስንቷ ላይ ይደግማል? አለቃ ፍሥሐም ይህን ያሰቡ መሰለኝ፤ በመስቀላቸው አማተቡና "ቀጥሉ" አሉ። ከበሮው ተመታ። ዲያቆኑ ክንዴን ለቀቀኝ። ሁለት ሰዎች ወረቀቷን ጠቅልለው ወደ ጥግ አደረጓት፤ ከሥሯ ባላምባራስ ይገዙ በኔ ሙጫ በኔ ቀለም አንድ ጭረት ሳያገኛቸው ባዶ ጭቃ እየለመኑ ታዩ።

እጄን ከነጠላዬ አወጣሁት። እጄን ባተረፈው በዚያው ቃል ሙያዬ እንደተቀበረ የገባኝ ግን ሰዉ ታቦቱን አጅቦ ከወጣ በኋላ፣ ብቻዬን ስቀር ነው። እኔ ወረቀት ይወድቃል ብዬ ነበር የተጽናናሁት። ወደቀ። መውደቁ ምንም አልጎዳውም።

ሲመሻሽ ሙሴ ያኒን ሱቁ በር ላይ አገኘሁትና አመሰገንኩት። ከዚያ ልቤን ሲበላኝ የነበረውን ጠየቅሁት። "ያቺን ማርያም መጀመሪያ የሳላት ሰው ማን ነው? ማሽን ብቻውን አልሳላት።"

ጢሙን እያከከ አሰበ። "አንድ ሰው ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ? አንድ ጊዜ ሸጦ በልቶታል። አሁን ማሽኑ ነው የሚሠራ።"

"ስሙስ?"

"ስም የለባትም።"

ያ ሰው ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል። በማላውቀው አገር፣ እንደኔው ዓይን ለመሳል የደከመ፣ ሥራው ባሕር ተሻግሮ የኔን እንጀራ ሲወስድ እሱ አንድ ቀን ብቻ የበላበት ሰው። ቂም ልይዝበት ሞክሬ አልሆነልኝም። ምናልባት እሱንም አንድ ሰው "ሌላ አለ" ብሎታል።

ባላምባራስ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ቦታው የኛ ሆነ፣ ልጃችንም እዚያው ተወለደች። ዝናዬም ወጣ፤ የወጣው ግን በአንድ ነገር ነው። ከሞጆ እስከ መቂ የወረቀት ሥዕል የገዛ ሁሉ ከሥሩ ራሱን ማሳል ፈለገና እኔን ጠራ። የተደፋ ሰው፣ ቀና ያለ ፊት፣ የሚለምን ዓይን። የሚከፈለኝ ከመቅደስ ሥራ ጋር ሲተያይ ፍርፋሪ ነው፤ ብዙ ፊት ስለምስል ግን አልተራብንም። ወረቀቶቹ በየዓመቱ ይቀያየራሉ፤ የኔ ለማኞች በቦታቸው አሉ። በየከተማው ስሄድ አዲሷን ማርያም ሲለምኑ አያቸዋለሁ።

አንባቢዎቼ፣ በተለይ በእጃችሁ ሙያ የምታድሩ፣ ከዚህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ከማዶ በርካሽ የሚመጣውን ዕቃ "ይበላሻል፣ ያን ጊዜ ወደኔ ይመለሳሉ" ብላችሁ አትጽናኑ። እኔ በዚያ ተጽናንቼ ነበር። የተበላሸ እንደሆነ ሌላ አለ። ሙያችሁ የቱጋ እንደቀረ ቶሎ እዩ፤ በቀረላችሁ ጥግ ላይ ስትኖሩ ደግሞ ጥጓ እጃችሁን ምን እያስለመደችው እንደሆነ ተጠንቀቁ። ይህን የምለው ኋላ ስለደረሰብኝ ነው።

የጣሊያን ወሬ ሲበረታ ባቡሩ ሳጥን ማምጣት ተወና ወታደር ማመላለስ ጀመረ። ሙሴ ያኒ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። በዚያ ክረምት የአዳማዋ ማርያም እንደ ልማዷ ወደቀች፤ ሌላ ግን አልነበረም። አለቃ ፍሥሐ፣ ዓይናቸው ፈዞ በሰው እየተመሩ፣ ጎጆዬ ድረስ መጡ። "ልጄ፣ የቀረኸን አንተ ነህ። አንተው ሳላት" አሉኝ።

አስካለ ስትደሰት እንደዚያ አይቻት አላውቅም። ግድግዳው ደርቋል፣ አቡጀዲ ወጠርኩ፣ ሙጫዬን አፈላሁ፤ ሽታውን የፈራ አልነበረም። መጎናጸፊያዋን ሳልኩ፣ አማረ። እጆቿን ሳልኩ፣ ልጇን ሳልኩ። በመጨረሻ፣ አባቴን እያሰብኩ፣ ዓይኗን ሳልኩ። ወርጄ ፊት ለፊቷ ቆምኩና መልሳ እንድታየኝ ጠበቅሁ። አላየችኝም። አጥፍቼ እንደገና ሳልኩ፤ ደግሜ አጠፋሁ፣ ደግሜ ሳልኩ። ስንት ዓመት የለመነ እጅ ሌላ ዓይን አልወጣው አለ።

አለቃ ፍሥሐ እንዲያስጠጓቸው ጠየቁና በዚያ በፈዘዘ ዓይናቸው አፍንጫቸው ሥዕሏን እስኪነካ ቀርበው ረጅም ጊዜ አዩ። ከእግሯ ሥር ባላምባራስ ይለምናሉ። እሷም ከላያቸው ሆና፣ ዓይኗን ወደ ቆርቆሮው አንጋጣ፣ ልክ እንደሳቸው ትለምናለች።

"ልጄ" አሉኝ አለቃ በቀስታ፣ "ይህች እመቤት ደግሞ ማንን ነው የምትለምነው?"

ዓይኗን እንዳለ ትቼ ብሩሼን አጥቤ ከመሰላሉ ሥር ያለውን ጨርቅ ሰበሰብኩ።